የብርድ ወሬ በጨርጨር

የደብረ ብርሃን ሰው የብርድ ወሬ ሲነሳ አንገቱን ቀና ያደርጋል። 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ አድጎ፣ በኅዳር ጠዋት ሣሩን አመዳይ ሸፍኖት እያየ፣ እጁን ቆፈን ይዞት እርሳስ መጨበጥ እያቃተው የተማረ ሰው፣ ሌላው ስለ ብርድ ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት አይሆንለትም፤ ያቋርጣል። ከተማችን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት እንዲያው አይደለም። እኔም ታኅሣሥ ላይ ለቁልቢ ገብርኤል ከሚጓዘው ሕዝብ ጋር ወደ ሐረርጌ ስነሳ የያዝኩት አንድ ጋቢና ይህንኑ ኩራት ነበር። ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ግን ተፎካካሪ ሞልቷል። እዚያ ቆላውና ደጋው በአንድ ጠዋት የሚደረስባቸው ጎረቤታሞች ስለሆኑ፣ ስለ አየሩ የራሱ አቋም የሌለው ሰው አታገኙም።

አውቶቡሱ ከአዳማ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። መተሐራ ላይ ጃኬት ይወልቃል። አዋሽ ሰባት፣ 1,000 ሜትር እንኳ በማይሞላው ሜዳ ላይ፣ ሰው ባገኘው ወረቀት መራገብ ይጀምራል። መስኮት ግን አይከፈትም። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ላቡ በአንገታቸው እየወረደ፣ መስኮቱን ገርበብ ያደረገውን ወጣት «ዝጋው ልጄ፣ ነፋስ ይመታናል» አሉት። ዘጋው። ሀገራችን ከሙቀት ይልቅ ነፋስን እንደምትፈራ ከአውቶቡስ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ደግሞ ማንም አይከራከርም፣ እኔም አልተከራከርኩም።

ሚኤሶ ላይ የግመል ወተት የያዙ ሴቶች መኪናውን ከበቡት። ከዚህ በኋላ መንገዱና ሐዲዱ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሜዳውን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ይነጉዳል፤ አሮጌው የፈረንሳዮች ባቡርም ተራራውን ሸሽቶ በዚያው በቆላው ነበር የሚያልፈው። የምዕራብ ሐረርጌን ደጋ፣ የጨርጨርን ተራራ፣ የሚጋፈጠው መኪና ብቻ ነው። ከሚኤሶ እስከ ጭሮ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው፤ በግራርና በአቧራ ተጀምሮ በማሽላ እርከን ያልቃል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል ይባላል። እዚህ መንገድ ላይ ቴርሞሜትሩ ረዳቱ ነው። አዋሽ ላይ በካናቴራ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ልጅ ዳገቱ መሃል ላይ ሹራብ አጠለቀ፤ ጭሮ መግቢያ ላይ በሩን ዘግቶ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ጭሮ ወይም አሰበ ተፈሪ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በተራራ ተከባ ተቀምጣለች። ለደብረ ብርሃን ሰው ይህ ወይና ደጋ ነው፤ እንዲያውም ለጡረታ የሚመረጥ አየር። ግን ማለዳ ከመናኸሪያው አጠገብ ያለች አንዲት ሆጃ ቤት ስገባ ሰው ሁሉ ኩርምት ብሎ እጁን በብብቱ ስር ቀብሮ ነበር ያገኘሁት። ሆጃ የሚፈላው ከቡናው ፍሬ ሳይሆን ከገለፈቱ ነው። ገለፈቱ ውሃ ውስጥ እስኪጠቁር ድረስ ይንተከተካል፣ ወተት ይገባበታል፣ ከዚያ እንደ ጠጪው ፍላጎት ጨው ወይም ስኳር። ባለቤቲቱ ድስቱን ከከሰሉ ላይ ሳታወርድ በጭልፋ እየቀዳች ነበር የምትሰጠው፤ ወተቱ ላይ ስስ ቅባት ይንሳፈፋል፣ ሽታው ቡና ይመስልና ሲቀምሱት ወደ ሌላ ይሄዳል። ብርጭቆውን የተቀበለ ሁሉ ወዲያው አይጠጣም። መጀመሪያ በሁለት እጁ አቅፎ ይይዘዋል፤ የሆጃ ግማሽ ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው።

የብርድ ወሬውን የጀመረችው ከሚኤሶ ወተት ይዛ የወጣች ሴት ናት። ሁለት ሻርፕ ደራርባ፣ አፍንጫዋ ብቻ ቀርቶ፣ እዚህ ከተማ አንድ ሌሊት ማደር ማለት ሞት እንደሆነ ለባለቤቲቱ ትነግራታለች። «አዴ፣ እናንተ ይህን እንዴት ቻላችሁት?» ትላታለች። ጥግ ላይ የተቀመጠ ከቁኒ የመጣ ገበሬ ሳቀ። ቁኒ ከጭሮ ወደ በዴሳና ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ከፍ ያለች ደጋ ነች፣ በላይዋ ያለው የሙክታር ተራራ ደን የደጋ አጋዘን መጠለያ ሆኖ የተከለለ ነው። «ይቺ ብርድ ናት? አቦ፣ ቁኒ ነይና እይ» አላት።

ይህን ጊዜ ተራዬ ደረሰ። ስለ ደብረ ብርሃን ነገርኳቸው፤ ጠዋት ባልዲ ላይ ስለሚረጋው ውሃ፣ ከዚያም አልፎ ስለ መንዝ፣ በሦስት ሺህ ሜትር ላይ ከጥቁር ሱፍ የተሠራ በርኖስ ደርቦ በግ ስለሚጠብቀው እረኛ። ገበሬው በትዕግሥት አዳመጠኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«እናንተ ጋ ጫት ይበቅላል?»

«አይበቅልም።»

«ታዲያ ብርዱ ምን ያደርጋችኋል? የሚወስድባችሁ የለ።»

ውርጭ ባቄላችንን እንደሚያቃጥል ልነግረው ነበር፣ ግን እሱ ወደ ራሱ ጉዳይ ገብቷል። በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን መሬቱ የጠጣውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝለት ደመና የለም፤ አየሩም ደረቅ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ይሄድና ያልቃል። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ቁልቁል እየፈሰሰ ሸለቆው ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ተዳፋቱ ላይ ያለው ጫት ሲተርፍ፣ ለም የሆነውና ውሃ የሚደርሰው የታችኛው ማሳ ይመታል። ገበሬው ይህን በፊዚክስ አልነገረኝም። ያለኝ እንዲህ ነው፦ ማታ ወጥቶ ሰማዩን ያያል፤ ኮከቡ ከበዛና ነፋሱ ከቆመ እንቅልፍ የለም። ጠዋት ለጋው ቅጠል ደህና ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይጠቁራል። በጋ ላይ ቅጠል ስለሚያንስ ጫት ውድ የሚሆነውም በዚያው ወቅት ነው፤ ብርዱ የሚወስደው ዋጋ ያለውን ጊዜ መርጦ ነው ማለት ነው። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ደግሞ የማሽላውን ጨመረበት። ማሽላ ደርሶ እስኪታጨድ ድረስ ማማ ላይ የሚያድሩት ልጆች ናቸው፣ ቀን ወንጭፍ ይዘው ከወፍና ከዝንጀሮ፣ ሌሊት ከከርከሮ። ማማው አራት እንጨት ላይ የተሠራ ርብራብ ነው፤ ግድግዳ የለውም፣ ነፋሱ ከታችም ከላይም ያልፋል። «እሳት ማንደድ አይቻልም?» ብዬ ጠየቅሁ። «ማሽላው መሃል?» አለኝ፣ እንደ ሕፃን እያየኝ።

ከሆጃ ቤቷ ስወጣ ኩራቴ ትንሽ ጎድሎ ነበር፣ ግን እጅ አልሰጠሁም።

ገበያው ውስጥ የልባሽ ጨርቅ ተራ አለ። የዓለም ክረምት እዚህ መሬት ላይ ተዘርግቶ ታያላችሁ፤ ላባ የተሞላ ካፖርት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ለበረዶ የተሠራ ውፍረቱ ጉድ የሆነ ጓንት። አንድ ቀይ ጃኬት አነሳሁ። ዚፑ ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰረች፣ ጥቁር መስመር የታተመባት ወረቀት ተንጠልጥላለች፤ ዝናብ ነክቷት ጽሑፏ ጠፍቷል። ሻጩ የፋብሪካው ምልክት ናት፣ ኦሪጂናል መሆኑን የምታሳይ፣ አለኝ። እኔ እንደማውቀው እንዲህ ያለችው ወረቀት የበረዶ ተራራ ላይ የሚያወጣው መጎተቻ ትኬት ናት፤ ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲንሸራተት ውሎ ሳያወልቃት ጃኬቱን ሰጥቶታል። ሻጩን ማሳመን አልቻልኩም። ሰው ተራራ ላይ ከፍሎ ወጥቶ ተንሸራትቶ ይወርድና እንደገና ከፍሎ ይወጣል ስለው፣ ዋጋ ለማስቀነስ የፈጠርኩት ወሬ መሰለው። ሮቤል ተክለማርያም የሚባል አዲስ አበባ የተወለደ ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ የሀገሩን ባንዲራ ይዞ በበረዶ ላይ 15 ኪሎ ሜትር እንደተወዳደረ ስጨምርለት ግን ፊቱ ተለወጠ። «ስንተኛ ወጣ?» አለኝ። ከኋላ እንደነበር ነገርኩት። «እንግዲያው ልምምድ ቦታ አላገኘም» ብሎ ከዋጋው ላይ ሃምሳ ብር ቀነሰልኝ። ጃኬቱን አልገዛሁትም፤ ምሽት ላይ ግን አንድ የባጃጅ ሹፌር ለብሶት አየሁ፣ ትኬቷ እንደተንጠለጠለች። በሩ ክፍት በሆነ ባጃጅ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ልብስ አይገኝም።

ጨርጨር የሩቅ ሀገር ብርድን ሲያይ ግን ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ገዥዎቿን ማየት ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው እዚያ አደጉ፤ በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ፤ የወንዝ ውሃ ለወራት ደንድኖ ሠረገላ የሚያልፍበት ከተማ ነው። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ከዚያም በፊት የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ጨርጨርንም አስተዳድረዋል። ከእሳቸው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ፣ ወደ አሰበ ተፈሪ የመጡት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እሳቸው ደግሞ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ በእንግሊዞች እጅ በሕፃንነታቸው ወደ ህንድ ተወስደው ያደጉ፣ ላሆር ሕክምና ተምረው ስኮትላንድ ድረስ ሄደው ያጠናቀቁ፣ በርማ ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው። የፒተርስበርግን በረዶና የኤዲንብራን ጭጋግ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ተከታትለው እዚህች የተራራ ሥር ከተማ ተቀምጠው ግብር፣ መንገድና ፍርድ ቤት ሲያደራጁ፣ ጨርጨርን ለሌላው ግዛት ምሳሌ ለማድረግ ሲደክሙ አስቡት። ማታ ማታ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር እሳት ዳር ሲቀመጡ ስለዚያ በረዶ ያወሩ ነበር? እኔ ያወሩ ነበር ባይ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ዝም የሚል ሰው የለም። የሚገርመኝ የተክለ ሐዋርያት መጨረሻ ነው። ሩሲያን፣ ፈረንሳይን፣ በስደት ደግሞ ማዳጋስካርን አይተው፣ በስተርጅና የኖሩት ከጭሮ ወደ ምሥራቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሂርና፣ እርሻቸው ላይ ነው። ሂርና ሳልፍ አየሁት፤ አረንጓዴ ሸለቆ ነው፣ ጠዋት ይበርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ሸሚዝ ይበቃል። የዓለምን አየር ሁሉ ቀምሶ ለመረጠ ሰው መጥፎ ምርጫ አይደለም።

ከሂርና በኋላ መንገዱ እየወጣ ቁልቢ ይደርሳል። ራስ መኮንን ለዓድዋ ስለታቸው ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ኮረብታው ላይ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ዋዜማ ላይ ኮረብታው የሚታየው በሰው ተሸፍኖ ነው። መኝታ የለም። ያለው ሸራ፣ ፕላስቲክ፣ የመኪና ሥርና ሜዳው ነው። ከኬንያ ድንበር የመጣ ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ በመርሴዲስ የመጣ ባለሀብት፣ ከአርሲ በእግሩ የመጣ ገበሬ፣ ስለቷን ለመክፈል የመጣች ሙስሊም እናት፣ ሁሉም መሬት ላይ ጎን ለጎን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ጋቢዬ እርጥብ ሆነ፤ ጤዛ ነበር። ጎኔ የተኙት አዛውንት ፕላስቲካቸውን ግማሹን ወደ እኔ ገፉልኝ። «ከየት ነህ ልጄ?» አሉኝ። ከደብረ ብርሃን አልኳቸው። «እንግዲያው ለምደኸዋል» ብለው ፕላስቲኩን መልሰው ሳቡ። እየቀለዱ ነበር፣ ወዲያው መለሱልኝ፣ ግን ነገሩ አሳሰበኝ። ደብረ ብርሃን ቤት አለኝ። ግድግዳው የጭቃ ቢሆንም ወፍራም ነው፣ ማንደጃው ይነዳል፣ በሩ ይዘጋል። ያን ሁሉ ብርድ አውቀዋለሁ ስል የኖርኩት በአብዛኛው በመስኮት አይቼው ነው። ማማ ላይ የሚያድረው ልጅ ዲግሪው ከእኔ ሀገር በብዙ የሚበልጥ ሌሊት ላይ ከእኔ በላይ ይበርደዋል፤ ሚኤሶን የለመደች ባለወተት ጭሮ መናኸሪያ ላይ ጎህ ሲቀድ የሚሰማትን ማንም ሊያሳንስባት አይችልም። ከአሁን ወዲያ የብርድ ወሬ ሲነሳ የምጠይቀው ሰውዬው ሌሊቱን የት እንዳደረ ነው፤ የከተማውን ከፍታ አልጠይቅም።

ከቁልቢ ስመለስ ጭሮ ወረድኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ የማውቀው ሰው ግቢ የጫት በርጫ ነበር፤ ለእኔ ሻይ መጣልኝ። ከእንግዶቹ መካከል ከሚኒሶታ ቤተሰብ ለመጠየቅ የመጣ የገለምሶ ልጅ አለ። በሚኒያፖሊስ የሚኖረው ኦሮሞ ብዙ ነው፤ የሐረርጌ ሰውም እዚያ ሞልቷል፣ ስለዚህ ስለ በረዶ የሚያወራ የዘመድ ልጅ ለዚህ ግቢ ብርቅ አይደለም። እሱ ግን ጥሩ ተራኪ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 መጨረሻ ላይ ከተማዋ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ደረሰች፤ የዓይን ሽፋሽፍቱ እርስ በርሱ ተጣበቀ። በዚያ ቀን ምን እንደሠራ ጠየቅሁት። ቤት ውስጥ ሆኖ በካናቴራ ፊልም ሲያይ ነበር የዋለው። መሃል ከተማው ላይ ሕንፃ ከሕንፃ የሚያገናኙ፣ በመስታወት የተሸፈኑና የሚሞቁ ድልድዮች አሉ፤ ሰው ከቢሮ ወደ ምሳ ሲሄድ ውጭውን አይረግጥም። «እውነቱን ልንገርህ» አለኝ፣ «እዚህ መጥቼ አጎቴ ቤት ሳድር ነው የበረደኝ።»

ከዚያ ስለ ሐይቆቹ አወራ። ሐይቁ ይረጋል። በረዶው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲወፍር ሰው መኪናውን እየነዳ መሃሉ ድረስ ይገባል። በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሳዋል፣ በላዩ ላይ ትንሽ ቤት ያቆማል፣ ምድጃ ያቀጣጥላል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀዳዳው ዓሣ ያጠምዳል። «ለሥራ?» አለ አንዱ። «ለመዝናናት» አለ። «ወላሂ?» «ወላሂ።» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ያልሳቁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ ሽርጥ ያሸረጡ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ፣ ከብታቸውን በሚኤሶ ቆላ የሚያሰማሩ። ቆይተው እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ሐይቁ ከረጋ ከብቱ የት ይጠጣል?»

ሌላው ሁሉ ስለ መኪናውና ስለ ዓሣው ሲገረም እሳቸው ያሰቡት ይህን ነው። የሚኒሶታው ልጅ ጥቂት አሰበ። ገበሬዎቹ ከብቱን ከቤት አጠገብ በገንዳ እንደሚያጠጡት፣ ገንዳው ውስጥም ውሃው እንዳይረጋ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንደሚገባ ነገራቸው።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ብዙም አይጠፋም፣ አባ።»

ሽማግሌው ልጁን ትኩር ብለው አዩት። ስለ ረጋው ሐይቅ፣ በላዩ ላይ ስለሚነዳው መኪና፣ ስለ ተጣበቀው ሽፋሽፍት የተባለውን ሁሉ ተቀብለውት ነበር። ይህን ግን «እሺ» ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ከዚያ በኋላ የብርዱ ወሬ ቀረና የመብራት ወሬ ተጀመረ፤ በዚህ ደግሞ ቆላ ደጋ ሳይል ሁሉም ባለሙያ ነበር።